በአዋሽና በሰመራ መንገድ መኪና ስለሚፈላበት ምክንያት

ከአዲስ አበባ ደኅና የወጣ አውቶሞቢል ከአዋሽ አልፎ ወደ ሰመራ ሲወርድ ቢፈላ፣ ብዙ ሰው በረሓውን ይወቅሳል። ነገር ግን በረሓው ብልሽቱን ይገልጠዋል እንጂ አይፈጥረውም። የሞተሩ ውሃ 90 ዲግሪ፣ የአዲስ አበባ አየር 20 ቢሆን ልዩነቱ 70 ነው፤ በሰመራ አየሩ 40 ሲደርስ ልዩነቱ ወደ 50 ይወርዳል። ራዲያተር ሙቀት የሚያስወጣው በዚህ ልዩነት መጠን ነውና፣ በደጋ ያልታወቀ ድካም በቆላ ይታወቃል።

እንግዲህ ምርመራው በተራ ይሁን። መኪናው ሲቆም ብቻ የሚግል ከሆነ፣ ጥርጣሬው ራዲያተሩን በሚያራግበው ቬንትሌተር ላይ ነው፤ በጕዞ ጊዜ ነፋሱ ይተካዋልና። ሲሄድም የሚግል ከሆነ ግን የውሃ ማነስ፣ ፓምፕ፣ ቴርሞስታት ወይም የተደፈነ ራዲያተር ይመርመር።

ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ጣታችሁንም አርቃችሁ፣ የኤሌክትሪኩን ቬንትሌተር ከባትሪ በቀጥታ በሽቦ አገናኙት። ካልዞረ ራሱ ተበላሽቷል። ከዞረ ትእዛዝ አልደረሰውም ማለት ነውና ፊውዙን፣ ሪሌውንና የሙቀቱን ሴንሰር እዩ። የብዙ መኪና ሴንሰር ውሃው ሲግል ኤሌክትሪክን የማገድ ኃይሉ ይቀንሳል፤ በኦም መለኪያ ሲታይ ሞቆም ቀዝቅዞም ያው ከሆነ ሊለወጥ ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ውሃ ያልነካው ሴንሰር ይዋሻል፤ ሞተሩ እየነደደ ጠቋሚው ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ከአዋሽ ሳትነሡ፣ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት ውሃውን በዓይናችሁ እዩ። የጋለ ራዲያተር ክዳን ግን ከቶ አይከፈትም፤ የታመቀው እንፋሎት ፊት ይልጣል።