የተሰነጠቀው ማርሽ

ለልጃችን ያገለገለች የኤሌክትሪክ መጫወቻ ባቡር ገዛን፤ ከእውነተኛዪቱ 87 እጅ ታንሳለች። ነገር ግን መንኰራኵሯ አንድ ዙር በዞረ ቍጥር ታነክስ ነበር። ልጁም «ሐዲዱ ጠማማ ነው» አለ።

ገልብጠን ብንመረምራት ጉድለቱ ከራሷ ሆኖ ተገኘ። በብረት ዘንግ ላይ ጠብቆ የገባው የፕላስቲክ ማርሽ ከዕድሜ ብዛት የተነሣ ተኰማትሮ ተሰንጥቋል። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ስለ ተራራቁ አብሮት የሚዞረውን ማርሽ ያደናቅፉታል።

ልጁ በሙጫ እናጣብቀው ብሎ ነበር። ዳሩ ግን እንዲህ ያለውን ልሙጥ ፕላስቲክ ሙጫ አጥብቆ አይዘውም፤ ዘንጉም ከውስጥ ስለሚገፋው ስንጥቁ ተመልሶ ይከፈታል። ስለዚህ ጥርሶቹን ቈጥረን፥ ቀዳዳውንም ለክተን ተመሳሳዩን ገዛን። መንኰራኵሮቹን ሳናጣምም ነቅለን አዲሱን በቀስታ አስገባን፤ በ16.5 ሚሊ ሜትሩ ሐዲድ ላይ በትክክል እንዲቀመጡ በካሊብሮ አስተካከልን፤ ፕላስቲክ የማይጐዳ ዘይትም አንድ ጠብታ ጨመርን።

ባቡሯ በዚያው ሐዲድ ላይ ሳታነክስ ሄደች። ልጁም አፍሮ ሣቀ።

አዳም በሔዋን፥ ሔዋንም በእባብ አሳበበች። ወላጆች ሆይ፤ ጉድለትን ከራስ መፈለግን፥ ሸፍኖ ከማለፍም ለውጦ ማዳንን ለልጆቻችን በእጃቸው ሥራ እናስተምራቸው፤ የንስሐም መንገድ ይኸው ነውና።