ማዘርቦርድ ከመግዛት በፊት

ማዘርቦርድ የኮምፒውተር ክፍሎች ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ ነው። ራሱ ኮምፒውተሩን እምብዛም አያፈጥንም፤ የትኛው ፕሮሰሰር፣ የትኛው ራምና የትኛው ዲስክ እንደሚገጠም የሚወስነው ግን እሱ ነው። የቤት ኮምፒውተር ሲዘገይ መጀመሪያ መጣራት ያለበት ቦርዱን መቀየር ማስፈለጉ ነው። ብዙ ጊዜ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መተካት ወይም ራም መጨመር ችግሩን ይፈታል፣ ወጪውም ትንሽ ነው። ማዘርቦርድ የሚቀየረው ፕሮሰሰሩ ራሱ አርጅቶ፣ ያለው ቦርድም የተሻለውን አልቀበል ሲል ነው።

ምርጫው የሚጀምረው ከፕሮሰሰሩ ሶኬት ነው። ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ የወጡት የኢንቴል 12ኛ፣ 13ኛና 14ኛ ጀነሬሽን የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ኤልጂኤ 1700 በተባለው ሶኬት ላይ ይቀመጣሉ። የኤኤምዲ ራይዘን ከመጀመሪያዎቹ እስከ 5000 ድረስ በኤኤም4 ሲሠራ ቆይቶ በ2022 ወደ ኤኤም5 ተሻገረ። ሶኬቱ ገጠመ ማለት ግን ኮምፒውተሩ ይነሳል ማለት አይደለም። የኢንቴል 8ኛ ጀነሬሽን እንደ 6ኛውና 7ኛው ኤልጂኤ 1151 ቢጠቀምም በእነሱ ጊዜ በተሠሩት ቦርዶች ላይ አይሠራም፤ ሌላ ቺፕሴት፣ ማለትም የክፍሎቹን ግንኙነት የሚያስተናብር ሌላ የቦርድ ቺፕ፣ ይፈልጋል። ራይዘን 5000ን ቢ450 የተባለ ቺፕሴት ባለው ቦርድ ላይ ለማስነሳትም ባዮሱ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የቦርዱ ፕሮግራም፣ መታደስ አለበት። እዚህ ላይ ያለው እክል ባዮሱን ለማደስ ብዙውን ጊዜ ቦርዱ ቀድሞ የሚያውቀው ሌላ ፕሮሰሰር ማስፈለጉ ነው፤ ያለ ፕሮሰሰር ከፍላሽ ላይ የሚያድሱት የተወሰኑ ቦርዶች ብቻ ናቸው። በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ቦርዱ የሚቀበላቸው ፕሮሰሰሮች ከሚያስፈልጋቸው የባዮስ ቁጥር ጋር ተዘርዝረው ይገኛሉ፤ ከሻጩ ቃል ይልቅ የሚታመነው ይህ ዝርዝር ነው።

ቀጥሎ ራሙ ይታያል። ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 እኩል 288 ፒን አላቸው፤ ሆኖም መሃል ላይ ያለችው ክፍተት ቦታዋ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ስሎት አይገባም። ኤኤም5 የሚቀበለው ዲዲአር5 ብቻ ሲሆን፣ ለኤልጂኤ 1700 ግን በሁለቱም ዓይነት የተሠሩ ቦርዶች አሉ። 16 ጊጋባይት ዲዲአር4 በእጁ ያለ ሰው የዲዲአር4 ቦርድ ቢመርጥ የራሙን ወጪ ያተርፋል።

ትልቁ ጣጣ ያለው ብራንድ በሚባሉት፣ በተለይ ከመሥሪያ ቤት አገልግሎት ወጥተው በሚሸጡት ኮምፒውተሮች ላይ ነው። ተራ ማዘርቦርድ ኃይል የሚያገኘው በ24 ፒን ገመድ ነው። እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ያሉት ግን ለዋናው ገመድ 8 ፒን፣ አንዳንድ የኤችፒ ሞዴሎች ደግሞ 6 ፒን ይጠቀማሉ። የማብሪያው ቁልፍ ሽቦና የቦርዱ ብሎን ቀዳዳዎችም ከተለመደው ሊለዩ ይችላሉ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ላይ ቦርድ መቀየር ሲጀመር ፓወር ሳፕላዩም ኬዙም አብረው መቀየራቸው ብዙ ጊዜ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ሌላ ኮምፒውተር መግዛት ሊሻል ይችላል። ኬዙ ተራ ከሆነ ልኩን ማወቅ ይበቃል፦ ኤቲኤክስ 305 በ244፣ ማይክሮ ኤቲኤክስ 244 በ244፣ ሚኒ አይቲኤክስ 170 በ170 ሚሊሜትር ነው።

ዋጋ ከፍ የሚያደርጉት ነገሮች ሁሉ ለቤት አያስፈልጉም። ፕሮሰሰሩን ከተመደበለት ፍጥነት በላይ ለማያሠራ ሰው ዜድ የሚል ፊደል ያለው የኢንቴል ቺፕሴት ትርጉም የለውም፤ ባለቀለም መብራቱማ ጭራሽ። ትርፉ ገንዘብ ወደ ፕሮሰሰሩ ወይም ወደ ኤስኤስዲው ቢሄድ ይሻላል። መታየት ያለበት ኤስኤስዲ የሚሰካበት ኤም ዶት 2 ስሎት ፈጣኑን የኤንቪኤምኢ ዓይነት መቀበሉ ነው፤ ሳታ ብቻ ከሆነ ፍጥነቱ በሰከንድ 550 ሜጋባይት ገደማ ላይ ይቆማል። ብዙ ኮር ላለው ፕሮሰሰር ግን እጅግ ርካሹ ቦርድ አይመከርም፤ ኃይል የሚመጥነው ክፍሉ ሲግል ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን እንዲቀንስ ይገደዳል።

የዊንዶውስ ፈቃድም ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ነው። ከብራንድ ኮምፒውተር ጋር የመጣ ፈቃድ ወደ አዲስ ቦርድ አይሻገርም፤ ለብቻው የተገዛውን አሮጌው ቦርድ ከመነቀሉ በፊት ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ማያያዝ ያስፈልጋል።

ያገለገለ የኤልጂኤ ወይም የኤኤም5 ቦርድ ሲገዛ የሶኬቱ ፒኖች በብርሃን ከጎን ይታያሉ። አንዲት የተጣመመች ፒን ኮምፒውተሩ እየተነሳም ግማሹን ራም ልታስጠፋ ስለምትችል፣ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት እያንዳንዱ የራም ስሎት በየተራ ይሞከራል።