የድመትና የውሻ ንክሻ በቀላሉ አይታለፍም



ድመት በሙስሊም ቤት ውስጥ የቆየ ቦታ አላት። ታላቁ ሰሓባ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) በዚህ ስም የታወቁት ከድመት ግልገላቸው የተነሳ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ይሁን እንጂ ጤነኛ የሚመስል እንስሳ በአፉና በጥፍሩ ለሰው ሕይወት የሚያሰጋ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። ከእነዚህ መካከል ዋና ዋናዎቹን ከዚህ በታች እናቀርባለን።

የመጀመሪያው ፓስቱሬላ ይባላል። በአብዛኞቹ ድመቶችና በብዙ ውሾች አፍ ውስጥ ይኖራል፤ እንስሳቱን ግን አብዛኛውን ጊዜ አያሳምማቸውም። የድመት ጥርስ ቀጭንና ሹል በመሆኑ ባክቴሪያውን እስከ ጅማትና መገጣጠሚያ ድረስ ያስገባዋል። ቀዳዳው ከላይ ቶሎ ስለሚገጥም ቁስሉ ቀላል ይመስላል። ብዙውን ጊዜ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይጠዘጥዛል። ሕክምናው ከዘገየ ወደ አጥንትና ወደ ደም ሊዛመት ይችላል።

ሁለተኛው ባርቶኔላ ሲሆን ከድመት ወደ ድመት የሚተላለፈው በቁንጫ ነው። የቁንጫው እዳሪ በድመቷ ጥፍር ላይ ይቀርና ስትቧጭር ወደ ሰው ይገባል። ከ1 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ በብብት ወይም በአንገት ንፍፊት ይወጣል፤ ትኩሳትም ሊኖር ይችላል። ጤነኛ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይድናል። የሰውነት መከላከያው በተዳከመ ወይም የልብ ቫልቭ ሕመም ባለበት ሰው ላይ ግን ይከፋል። በአገራችን የአንገት እብጠት የሚያስከትል የሳንባ ነቀርሳ ዓይነትም የተለመደ ስለሆነ፣ ቤት ውስጥ ድመት መኖሯን ለሐኪም መንገር ምርመራውን ያግዛል።

ሦስተኛው ካፕኖሳይቶፋጋ ካኒሞርሰስ ነው። በሰው ላይ ያስከተለው ሕመም ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘገበው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። በውሻና በድመት ምራቅ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ በንክሻ ብቻ ሳይሆን ቁስልን በመላስም ይተላለፋል። የሚያጠቃው ጥቂት ሰው ነው፤ ነገር ግን ጣፊያቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውንና የጉበት ሕመምተኞችን በጥቂት ቀናት ውስጥ ደማቸውን መርዞ ለሞት ሊያደርስ ይችላል።

ንክሻ ወይም ጭረት ሲደርስ ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ ያስፈልጋል። ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል፤ የቴታነስ ክትባትም ሊያስፈልግ ይችላል። ቤት ውስጥ የተረፈ መድኃኒት መስጠት አይጠቅምም፤ ለሌላ ቁስል የሚታዘዙ አንዳንድ ፀረ ባክቴሪያዎች ፓስቱሬላን በሚገባ አያጠፉትምና። የእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው በቫይረስ ቢሆንም ከዚሁ ንክሻ ጋር ይመጣል። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን እጅግ አዳጋች ስለሆነ፣ ክትባቱ አስቀድሞ በሐኪም ውሳኔ ሊሰጥ ይገባል።

በመጨረሻም ለአሳዳጊዎች አንድ ነገር እናሳስባለን። ልጅ ድመቷ እንዳትባረርበት ፈርቶ ቁስሉን ይደብቃል። በተለይ በዘመድ ቤት የሚያድግ የቲም «አስቸገረ» እንዳይባል ሕመሙን ችሎ ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ ልጆች የደረሰባቸውን ሲናገሩ አንቆጣቸው፤ እጃቸውንና እግራቸውንም እንመልከት። ቁንጫን መከላከልና ከእንስሳ ጋር ከተጫወቱ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ እንስሳውንም ልጁንም ይጠብቃል።