ዱካክና የመንገደኛ ሌሊት

አንባቢ ሆይ፤ በሌሊት ነቅተህ፣ ዓይንህ እያየ ጆሮህም እየሰማ፣ እጅና እግርህን ማንቀሳቀስ ግን ተስኖህ ያውቃልን? ከደረትህ ላይ አንዳች ከባድ ነገር ተቀምጦብህ፣ ልትጮኽ ብትል ድምፅህ ከጉሮሮህ አልወጣ ብሎህ ይሆናል። ይህን አባቶቻችንና እናቶቻችን ዱካክ ይሉታል።

ስለ ዱካክ የሚነገረው ብዙ ነው። አንዳንዱ ክፉ መንፈስ በተኛ ሰው ላይ ይጫናል ይላል፤ ሌላውም ለብዙ ጊዜ ጫት ሲቅም ኖሮ በድንገት የተወ ሰው ዱካክ ይመጣበታል ይላል። መከላከያውም እንደየቤቱ ነው፤ ጸሎት የሚያደርስ፣ ጠበል የሚረጭ፣ ከራስጌው መስቀል ወይም ቢላዋ የሚያኖር አለ።

እስቲ እንፍራንዝን እናስብ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ስለ ሆነች፣ መንገደኛ ማየት ለልጆቿ አዲስ ነገር አይደለም። ዐፄ ሠርፀ ድንግል አሠሩት የሚባለው የጉዛራ ግንብ ዛሬም ከኮረብታው ላይ ሆኖ ጣናን ይመለከታል፤ ነገሥታቱ ግን መቀመጫቸውን ለወጡ፤ ዐፄ ፋሲልም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1636 ጎንደርን ቈረቈሩ። መሄድ በዚያ አገር የቈየ ነገር ነው። ሆኖም ከቤት የሚወጣ ልጅ ሁሉ የመጀመሪያው መንገደኛ እርሱ ይመስለዋል።

አንዲት ልጅ ለትምህርት ወደ ሩቅ ከተማ የምትሄድበት ቀን ደረሰ እንበል። እናት ለስንቅ ዳቦ ቆሎ ትቈላለች፤ አባት የመሳፈሪያውን ገንዘብ ደጋግሞ ይቈጥራል። ልጅቱ ግን በመደቧ ተጋድማ ትንንሹን ነገር ታስባለች። ከእንግዲህ ውኃውን ማን ይቀዳል? እናቴን ወገቧን ሲያማት ማን ያሻታል? ታናሽ ወንድሜን ማን ያስጠናዋል? እንዲህ ስትል ሌሊቱ ይጋመሳል፤ ሊነጋ ሲል ዱካክ ይጫናታል። ጧት ብትናገር፣ «ገዱ አላማረም፤ ትቅር» የሚል ይነሣል። ከዚህም የባሰ፣ «የእገሌ ዓይን ነው» ብሎ ንጹሕ ጎረቤት የሚከስ አይጠፋም።

የሊቃውንት ምርምር ግን ሌላ ያስተምራል። በ1953 እ.አ.አ. በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አሰሪንስኪና ክሌይትማን የተባሉ ተመራማሪዎች፣ የተኛ ሰው ዓይኑ ከቆቡ ሥር ፈጥኖ የሚንቀሳቀስበት የእንቅልፍ ክፍል እንዳለ ገለጡ። ብርቱ ሕልም የሚበዛው በዚህ ጊዜ ነው፤ ሰውም በሕልሙ እንዳይወራጭ ጡንቻዎቹ ይዝላሉ። አእምሮ ቀድሞ ነቅቶ አካል ገና እንደ ዛለ ሲቀር፣ ሰውዬው ነቅቶ ሳለ ያልማል፤ ባጠገቡም ሰው የቆመ ይመስለዋል። ይህም ጥቂት ሴኮንድ ወይም ጥቂት ደቂቃ ቈይቶ በራሱ ያልፋል። ጃፓኖች ካናሺባሪ፣ ቱርኮች ካራባሳን ይሉታልና፣ የአንድ መንደር ዓይን ያመጣው አይደለም። በ2011 እ.አ.አ. የታተመ የብዙ ጥናቶች ድምር ከ100 ሰው 8 ያህሉን፣ ከተማሪዎች ግን 28 ያህሉን በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ እንዳገኘው ያመለክታል።

እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ የመኝታ ሰዓት መዛባትና በጀርባ መተኛት ያባብሱታል። ስለዚህ ዱካክ የመጣው ልጅቱ እንዳትሄድ ለመከልከል አይደለም፤ ስለ መሄዷ ስትጨነቅ እንቅልፍ ስላጣች ነው።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፤ ጸሎቱ ልብን ያሳርፋልና አይቅር፤ ነገር ግን በሕልም ምክንያት ልጅን ከትምህርት አታስቀሩ፤ ጎረቤትንም አትጠርጥሩ። ጓዙ ቀደም ብሎ ይሰናዳ፤ ልጅቱም በጊዜ፣ በጎኗ ትተኛ። ዱካክ ቢይዛት ሳትታገል በዝግታ ትተንፍስ፤ አንዲት ጣት ለማንቀሳቀስም ትሞክር። እየተመላለሰ ቢያስቸግራት፣ ቀንም እንቅልፍ ቢጥላት፣ ለሐኪም ትታይ።

ከሁሉ በፊት ግን እናት ከመኝታ በፊት ከልጅዋ አጠገብ ትቀመጥና ውኃውን ማን እንደሚቀዳ፣ ታናሹን ማን እንደሚያስጠናው አንድ በአንድ ትንገራት። ቤቷ ያለ እርሷም እንደሚቆም ያወቀች ልጅ ሌሊቱን ታርፋለችና።