ትግሉ የስምምነት፣ ቁስሉ የእውነት

በአንድ የሕፃናት መማሪያ ክፍል ውስጥ፣ ለትንሽ ልጅ ተብላ በተሠራች ወንበር ላይ፣ አንድ ግዙፍ ሰው ጀርባውን ለተመልካቹ ሰጥቶ ተቀምጧል። ትከሻው የበሬ ትከሻ ይመስላል፤ ነገር ግን ሳል ያጣድፈዋል፤ ትንፋሹም ይቆራረጣል። በዙሪያው የልጆች መጫወቻ ይታያል። ጥቂት ቆይቶ የዕለቱን ትግል ያሰናዳው ሰው ብቅ ይልና፣ የተመልካቹ ቁጥር እንደታሰበው እንዳልሆነ ገልጦ ጥቂት ዶላር ያስጨብጠዋል። ይህ ሰው ከሃያ ዓመት በፊት በአምሳሉ የልጆች አሻንጉሊት ይሠራለት፣ ስሙንም ብዙ ሺሕ ሕዝብ በአንድ ድምፅ ይጠራው የነበረ ዝነኛ ታጋይ ነው። ያን ሌሊት ወደ ማደሪያው ሲመለስ፣ ኪራዩን ባለመክፈሉ በሩ ተቆልፎ ያገኘዋል፤ በመኪናው ውስጥም ተኮራምቶ ያድራል።

«ዘ ሬስለር» ማለትም «ታጋዩ» የተባለው የአሜሪካን ፊልም የሚጀምረው በዚህ ሁኔታ ነው። ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ2008 ያዘጋጁት ዲሬክተር ሚስተር ዳረን አሮኖፍስኪ ሲሆኑ፣ ድርሰቱን የጻፉት ሚስተር ሮበርት ሲጌል ናቸው። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር በቬኔሲያ በተደረገው የፊልም በዓል ላይ ቀርቦ የወርቅ አንበሳ የተባለውን ከፍተኛ ሽልማት አግኝቷል። የወጣበት ገንዘብ ስድስት ሚሊዮን ዶላር ያህል ብቻ ነበር፤ ይህም በሆሊዉድ ልማድ ሲታይ እጅግ ጥቂት ነው። የታሪኩ ባለቤት ራንዲ ሮቢንሰን የሚባል፣ በመድረክ ስሙ «አውራ በግ» እየተባለ የሚጠራ፣ ኑሮውን በኒው ጀርሲ ያደረገ ታጋይ ነው።

የዚህን ሰው ችግር በሚገባ ለመረዳት ሙያው ምን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። በአገራችን ልጆች በሜዳ ላይ ሲታገሉ ጀርባው መሬት የነካው ተሸነፈ፤ ከዚያ በኋላ ክርክር የለም። በአሜሪካ ግን ለትርዒት የሚደረገው የሙያ ትግል ሌላ ሥርዓት አለው። ማን እንደሚያሸንፍና ማን እንደሚወድቅ፣ በየትኛው ደቂቃ ማን ማንን አንሥቶ እንደሚጥል ተጋጣሚዎቹና አሰናጆቹ አስቀድመው ይስማሙበታል። አንዱ ደግ፣ ሌላው ክፉ ሆኖ ይቀርባል። ሕዝቡም ክፉውን ይረግማል፣ ደጉን ያበረታታል። ይህን ምሥጢር ባለሙያዎቹ ለብዙ ዘመን እንደ ነፍሳቸው ሲጠብቁት ኖረዋል።

ምሥጢሩን በሕግ ፊት የገለጠው ግን የውጭ ጠላት ሳይሆን የሙያው ዋና ነጋዴ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ዓ.ም. የአገሪቱ ትልቁ የትግል ትርዒት ኩባንያ፣ ራንዲ በሚኖርባት በዚችው በኒው ጀርሲ ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ሲያስረዳ፣ ትግሉ ሕዝብን ለማስደሰት የሚቀርብ ትርዒት እንጂ እውነተኛ ውድድር እንዳልሆነ አመነ። ያመነበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ ትግሉ ስፖርት ካልሆነ ስፖርትን የሚቈጣጠረው የመንግሥት ኮሚሲዮን አያገባውም፤ ከቍጥጥሩ ጋር የሚመጣውም ክፍያ ይቀራል። ታጋዮቹም በኩባንያው ዘንድ እንደ ቋሚ ሠራተኛ ሳይሆን በግል ውል እንደሚሠሩ ሰዎች ይቈጠራሉ። ስለዚህ ጡረታ የለም። ፊልሙ ይህን የሕግ ታሪክ በአንድም ቃል አያነሣውም። ሆኖም ይህን የሚያውቅ ተመልካች የራንዲን የተቆለፈ በር ሲያይ፣ ቁልፉ ከየት እንደ ተሠራ መገመት አያቅተውም።

ውጤቱ የስምምነት ከሆነ ታዲያ እውነተኛው ነገር የቱ ላይ ነው? የፊልሙ ብርታት ለዚህ ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ላይ ነው። ከትግሉ በፊት ታጋዮቹ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተሰብስበው ይመካከራሉ። ወጣቶቹ ራንዲን እንደ ታላቅ ወንድም ያከብሩታል፤ እሱም ይመክራቸዋል፣ ያመሰግናቸዋል። ቀጥሎ ግን በእጁ መጠቅለያ ውስጥ ትንሽ ምላጭ ሲሸሽግ ይታያል። በመድረኩ ላይ ወድቆ ፊቱን በሸፈነበት ቅጽበት በዚያች ምላጭ የገዛ ግንባሩን ይሰነጥቃል፤ ደሙም በፊቱ ላይ ይወርዳል። ሕዝቡ በጩኸት አዳራሹን ያናጋዋል። መውደቁ የውሸት ነው፤ ደሙ ግን የእሱው ደም ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። ኔክሮ ቡቸር በሚል የመድረክ ስም የሚታወቅ እውነተኛ ታጋይ ከራንዲ ጋር የሚገጥምበት ክፍል፣ ልበ ደካማ የሆነ ተመልካች ዓይኑን ሳይሸፍን የማያየው ነው። የሾኽ ሽቦ፣ መስተዋት፣ የወረቀት ማያያዣ ሽቦ እየተኰሰ ሥጋ ላይ የሚተክል መሣሪያ ሁሉ ይውላል። ዲሬክተሩ በዚህ ቦታ አንድ ብልኅ ነገር አድርገዋል። በመጀመሪያ የሚታየው ትግሉ አይደለም፤ ታጋዮቹ ከመድረክ ወርደው፣ ከራንዲ ገላ ላይ ሽቦውና ስባሪው አንድ በአንድ ሲለቀም ነው። ወደ ኋላ ተመልሶ እያንዳንዱ ቁስል እንዴት እንደመጣ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ተመልካቹ ጩኸቱን በሚሰማበት ጊዜ ዋጋውን አስቀድሞ ያውቀዋል። ከትግሉ በፊት ያ ለዓይን የሚያስፈራ ተጋጣሚ፣ ሽቦ የሚተክለውን መሣሪያ ቢጠቀም ይስማማው እንደሆነ ራንዲን በትሕትና መጠየቁ ደግሞ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው። ከዚያ ትግል በኋላ ራንዲ ልቡ ተመታና ወደቀ። በሆስፒታልም ልቡን ቀደው አከሙት፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ ትግል ሞትህ ነው አለው።

ይህ ልብ ወለድ ብቻ አይደለም። ኤዲ ገሬሮ የተባሉት እውቅ ታጋይ እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2005 በልብ ሕመም ድንገት ሲሞቱ ዕድሜያቸው 38 ዓመት ብቻ ነበር። በሙያው ውስጥ ገና በጕልምስና የተቀጩ ሌሎችም ብዙ ናቸው።

ከመድረክ የወረደው ራንዲ ቀድሞም የትርፍ ጊዜ ሥራ ይሠራበት በነበረ የምግብ መደብር ውስጥ፣ ሥጋና ሰላጣ እየመዘነ የሚሸጥ ሻጭ ይሆናል። በደረቱ ላይ የተለጠፈው ስም «ሮቢን» ይላል፤ ይኸውም ወላጆቹ ያወጡለት፣ እሱ ግን የሚጠላው እውነተኛ ስሙ ነው። ከመጋዘኑ ተነሥቶ ወደ ሽያጩ ቦታ ሲሄድ ካሜራው ከኋላው ይከተለዋል። ልክ ወደ ትግሉ መድረክ በሚወጣበት ጊዜ እንደነበረው በጆሮው የሕዝብ ጩኸት ይሰማዋል። በሩን አልፎ ሲገባ ግን የሚጠብቁት ድንች ሰላጣ የሚፈልጉ አሮጊቶች ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ከደንበኞቹ ጋር ይጫወታል፣ ያስቃቸዋልም፤ ሥራው የተስማማው ይመስላል። ኋላ ግን አንድ ገዢ ያውቀውና «አንተ ያ ታጋይ አይደለህምን?» እያለ ሲያፈጥበት፣ ኀፍረቱን መሸከም አቅቶት እጁን በሥጋ መቍረጫው መኪና ላይ ይመታል፤ ደሙን እያዘራም ሥራውን ጥሎ ይወጣል። በመድረክ ላይ ያፈሰሰው ደም አስጨብጭቦለት ነበር፤ በዚህኛው ደም ግን ማንም አላጨበጨበም።

የድሮ ታጋዮች በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው ለአድናቂዎቻቸው ፊርማ የሚሸጡበት ክፍል ደግሞ ከትግሎቹ ሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካ ነው። ከጠረጴዛ ኋላ የተቀመጡትን ሊያይ የሚመጣው ሰው በጣት የሚቈጠር ነው። አንዱ እንቅልፍ ጥሎታል፤ የሌላው እግር ተቈርጧል፤ የሽንት መያዣ ከእግሩ ጋር የታሰረለትም አለ። ራንዲ ምንም ሳይናገር ከአንዱ ወደ ሌላው ይመለከታል። 

በራንዲ ኑሮ ውስጥ ሁለት ሴቶች አሉ። አንደኛዋ በምሽት ቤት እርቃኗን እየጨፈረች ልጇን የምታሳድግ፣ ሚስ ማሪሳ ቶሜይ የሚጫወቷት ፓም ናት። እሷም እንደሱ በመድረክ ላይ ሌላ ስም አላት፤ እሷም እንደሱ ገላዋን ለሕዝብ ዓይን እያቀረበች ትኖራለች፤ እሷም ዕድሜዋ እየገፋ በመሄዱ ከወጣቶች ንቀት ይደርስባታል። ልዩነታቸው ግን ፓም መድረኩን ከቤቷ ለይታ ማወቋ ነው። ሁለተኛዋ ትቷት የኖረው ልጁ ስቴፋኒ ናት። ከልጁ ጋር የሚታረቅበትና እንደገና በገዛ ጥፋቱ የሚጣላበት ክፍል፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሌላው ሲነጻጸር የተጣደፈ ነው። አባት የእራት ቀጠሮ ረስቶ ልጁ ለዘላለም በሩን ስትዘጋበት የሚያሳይ ታሪክ ከዚህ ቀደም በሌሎች ፊልሞች ብዙ ጊዜ ታይቷል። ያም ሆኖ አባትና ልጅ በባሕሩ ዳርቻ በፈረሰው ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሲጨፍሩ ማየት አይጠገብም።

ይህን ሁሉ የተሸከሙት ሚስተር ሚኪ ሩርክ ናቸው። በ1980ዎቹ ዓመታት ሚስተር ሩርክ መልካቸው ያማረ፣ ተስፋቸውም ታላቅ የሆነ ተዋናይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1991 ግን የፊልሙን ሥራ ትተው በሙያ ቦክሰኛነት ተሰለፉ። እስከ 1994 ድረስ ስምንት ጊዜ ተጋጥመው ስድስቱን አሸነፉ፣ ሁለቱን እኩል ወጡ፤ የተሸነፉበት ጊዜ የለም። ነገር ግን ፊታቸው ተሰበረ፤ በቀዶ ጥገናም የቀድሞው መልካቸው ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ ዋና ሥራ የሚሰጣቸው አልተገኘም። ገንዘብ አውጪዎቹም ለራንዲ ክፍል ሌላ ስመ ጥር ተዋናይ ሲፈልጉ፣ ሚስተር አሮኖፍስኪ ከሩርክ ወዲያ አልሠራም ብለው ጸኑ። የፊልሙም በጀት ያነሰው በዚሁ ምክንያት ነው። ሚስተር ሩርክ አፋ በተባሉ አንጋፋ የሳሞአ ተወላጅ ታጋይ ዘንድ ትግል ተማሩ፤ ሰውነታቸውንም አገዘፉ። በፊልሙ ከሚታዩት ግጥሚያዎች አንዳንዶቹ የተነሡት በእውነተኛ የትግል ትርዒት ተመልካቾች ፊት ነው። በ2009 የእንግሊዝንና የጎልደን ግሎብን ሽልማት ወሰዱ፤ ኦስካሩን ግን ሚስተር ሾን ፔን አገኙት።

ከዚህ ፊልም 58 ዓመት አስቀድሞ ተመሳሳይ ነገር የታየበት ሌላ ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 በወጣው፣ ዡል ዳሲን ለንደን ውስጥ ባነሡት «ሌሊቱና ከተማዋ» በተባለው ፊልም፣ ግሪጎሪየስ የሚባለውን ሽማግሌ የተጫወቱት ስታኒስላውስ ዝቢሽኮ ተዋናይ አልነበሩም። በ1879 የተወለዱ ፖላንዳዊ፣ የዓለም ሻምፒዮን የነበሩ ታጋይ ናቸው። በ1925 በፊላደልፊያ ዌይን መን ከተባለው ባለ ዘውድ ጋር ሲገጥሙ እንዲሸነፉ ተስማምተው ነበር፤ ነገር ግን ስምምነቱን አፍርሰው ሰውየውን በእውነት ዘረሩት። በፊልሙ ውስጥ ግሪጎሪየስ የትርዒት ትግልን ይንቃል፤ በመጨረሻም ከአንድ የትርዒት ታጋይ ጋር ያለ ስምምነት ተያይዞ፣ አሸንፎ፣ በድካም በልጁ እጅ ላይ ይሞታል። ግሪጎሪየስ ውሸቱን ስለ ጠላ ሞተ፤ ራንዲ ግን ውሸቱን ይወደዋል፤ ምክንያቱም በሕይወቱ ውስጥ ቃሉን የጠበቀለት እሱ ብቻ ነው።

ስለዚህም ወደ መድረኩ ይመለሳል። የመጨረሻው ተጋጣሚው ከሃያ ዓመት በፊት የገጠመው፣ «አያቶላ» በሚል ስም የኢራን ሰንደቅ ዓላማ እያውለበለበ የሕዝቡን ቍጣ የሚያነሣሣ ሰው ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት እንዲህ ያለ ኢራናዊ ጠላት በእውነትም የተለመደ ነበር፤ በጥር ወር 1984 በኒው ዮርክ አዳራሽ በሃልክ ሆጋን የተሸነፈው አይረን ሺክ የዚሁ ዓይነት ነው። የፊልሙ «አያቶላ» ግን ከመድረክ ሲወርድ በአሪዞና አሮጌ መኪና የሚሸጥ ሰላማዊ አሜሪካዊ ነው። ፓም ልታስቀረው ወደ አዳራሹ በፍጥነት ትመጣለች፤ እሱ ግን አልተመለሰም።

በትግሉ መካከል ራንዲ ደረቱን ይዞ ይንገዳገዳል። ሕዝቡ ይህን የትርዒቱ ክፍል አድርጎ ያየዋል። እውነቱን የተረዳው ያ ሁሉ ሰው የሚጮኽበት ጠላት ብቻ ነው። አያቶላ ተኝቶ ሳለ በጆሮው፣ ቶሎ ና፣ ላዬ ላይ ውደቅና እንጨርስ እያለ ይለምነዋል። ራንዲ ግን ወደ ገመዱ ጫፍ ይወጣል። ፓም የቆመችበትን ቦታ ይፈልጋል፤ የለችም። በዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ ክንዶቹን አንሥቶ፣ ስሙን የሚጠራውን ሕዝብ ጥቂት ያዳምጣል። ከዚያም ይዘልላል። ሥዕሉም እግሩ ገመዱን ለቅቆ፣ ገላው ገና ወለሉን ሳይነካ ይጨልማል።