ተማሪ በልቡ ሊያስበው የሚገባ ነገር

ተማሪ ሆይ፤ ፊደል የምትቈጥረው ለምንድር ነው? ይህን ያላሰበ ተማሪ የሚሄድበትን አገር እንደማያውቅ መንገደኛ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ሦስት ነገር በልብህ ማሰብ ይገባሃል። መጀመሪያ ቤተ ሰብህን፤ ሁለተኛ ሰውነትህን፤ ሦስተኛ ወደ ፊት ልትሆን የምትወደውን።

አባትህ በሬ ጠምዶ ያርሳል፤ እናትህ ውሃ ቀድታ እንጀራ ትጋግራለች። አንተ ትምህርት ቤት በምትውልበት ሰዓት ከብት የሚጠብቀው፥ እንጨት የሚለቅመው ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ የቤተ ሰብህ ዕዳ አለብህ። ይህን ዕዳ ለመክፈል ባለጸጋ እስክትሆን መቈየት አያስፈልግህም፤ ዛሬ ጥዋት በአንድ ቅል ውሃ መክፈል ትጀምራለህ። እንዴት እንደ ሆነ ስማ።

በአገራችን የብዙ ሰው ዓይን የሚያጠፋ በሽታ አለ። ስሙ የዓይን ማዝ ነው፤ ሐኪሞች ትራኮማ ይሉታል። ኢትዮጵያም ይህ በሽታ እጅግ ከጸናባቸው አገሮች አንዲቱ ናት። በሽታውን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ረቂቅ ተሐዋሲ ነው፤ ከታመመ ልጅ ዓይንና አፍንጫ በሚወጣው ፈሳሽ ውስጥ ይገኛል። ዝንብ በዚያ ልጅ ፊት ላይ ዐርፋ እግሯን ታረጥባለች፤ ከዚያም ተነሥታ በሌላው ፊት ላይ ታርፋለች። ያልታጠበ እጅና ፊት የጠረጉበት ጨርቅም በሽታውን ያስተላልፋሉ።

በሽታው ደጋግሞ የያዘው ሰው የዓይኑ ቆብ በውስጥ በኩል ጠባሳ ያወጣል። ጠባሳው ሲኰማተር ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ያን ጊዜ ሰውዬው ዓይኑን በጨፈነና በገለጠ ቍጥር ሽፋሽፍቱ ዓይኑን ይፍቀዋል። ባልቴቶች በወረንጦ ሽፋሽፍታቸውን ሲነቅሉ አይተህ ይሆናል። ፀጉሩ ግን መልሶ ይበቅላል፤ ሳይታከም የቈየም ዓይን በመጨረሻ ይጨልማል።

በዚህ በሽታ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች የሚታወሩት ስለ ምንድር ነው? በሽታው ይልቁን በትንንሽ ልጆች ላይ ይገኛል፤ ልጆችንም የሚያቅፉና የሚያጥቡ ሴቶች ናቸው። እንግዲህ ያልታጠበ የልጅ ፊት የእናቱን ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

ስለዚህ ጥዋት በተነሣህ ጊዜ ፊትህንና እጅህን ታጠብ፤ ሳሙና ቢገኝ በሳሙና ይሁን። ታናናሾችህንም እጠባቸው። ፊትህን ሌላ ሰው በጠረገበት ጨርቅ አትጥረግ። ፊት የምታርፈው ዝንብ በሜዳ ላይ በተጣለ ዐይነ ምድር ትራባለች፤ ቤተ ሰብህ የመጸዳጃ ጕድጓድ ሲቈፍር አንተም አፈሩን አውጣ። ዓይኑ የቀላና ፈሳሽ የሚወጣው ሰው ቢኖር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ለበሽታው መድኃኒት አለው፤ የታጠፈውንም ቆብ ሐኪሞች ቀደው ያቀኑታል። ይህን ሁሉ ለእናትህ ስትነግር በትሕትና ይሁን። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» እንዳትባል፥ ከቃልህ አስቀድሞ የታጠበው ፊትህ ያስተምር።

ሦስተኛው ነገር ምኞትህ ነው። ምኞት ያለው ሰው አርአያ ይፈልጋል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ አንድ ሕፃን ከወላጆቹ ተለይቶ ተገኘ። የእንግሊዝ መኰንኖች ወደ ህንድ አገር ወስደው ቻርልስ ማርቲን ብለው አሳደጉት። ይህ ሕፃን አድጎ ሕክምና ተማረ፤ ሐኪምም ሆነ። እኚህ ሰው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። ከዐድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው በመጡ ጊዜ አያታቸው በሰውነታቸው ላይ ባለው ጠባሳ ለዩዋቸው። በአገራቸውም ሕመምተኞችን አከሙ፤ በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የመጀመሪያው አስተዳዳሪ ሆኑ። በሰው አገር ያገኙትን ትምህርት ለወገናቸው ልጆች አካፈሉ።

አንተም ሐኪም፥ መምህር፥ ገበሬ ወይም ነጋዴ ልትሆን ትመኝ ይሆናል። ሁሉም መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ምኞት እንደ ዘር ነው፤ በጐተራ ተቀምጦ አይበቅልም። ልማድ ደግሞ እንደ እርሻ ነው፤ በየቀኑ ድካምን ይፈልጋል። ወገኑን እረዳለሁ ብሎ የሚመኝ ልጅ የታናሽ እኅቱን ፊት ለማጠብ ካልተጋ ምኞቱ ከአፉ አላለፈም። በትንሹ የታመነ ግን ትልቁ ሥራ ሲመጣ እጁ ለምዶ ይጠብቀዋል።

ተማሪ ሆይ፤ ዛሬ ማታ ከመተኛትህ በፊት ራስህን ጠይቅ፦ ዛሬ የቤተ ሰቤን ድካም በምን አቀለልሁ? ሰውነቴን በምን ጠበቅሁ? ወደ ምኞቴስ ምን ያህል ተራመድሁ?