ክሩዙ ሲያኮርፍ የኋላውን መብራት ይመልከቱ

መኪኖቻችን ላይ ካሉት መሣሪያዎች እንደ ክሩዝ ኮንትሮል የተናቀ አላየሁም። ቁልፎቹ መሪው ላይ፣ ወይም ከመሪው ጎን ባለች አጭር ዘንግ ላይ ተቀምጠው ዓመታት ያልፋሉ፤ ባለመኪናው አንድ ቀን እንኳ ሳይነካቸው መኪናውን ይሸጣል። በእርግጥ ከተማችን አዲስ አበባም አታግዝም። በብዙ መኪኖች ላይ ክሩዝ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር ገደማ በታች አይያዝም። ቃሊቲ አደባባይ ላይ በሲኖትራኮች መሀል እየተጎተተ ቁልፉን የሚጫን ሰው ምንም ምላሽ አያገኝም። ምንም ሳይጎድለው፣ ፍጥነት ብቻ አጥቶ «ክሩዙ ሞቷል» ተብሎ ጋራዥ የገባ መኪና አይቻለሁ።

መሣሪያው ተራው የሚደርሰው ቱሉ ዲምቱ ላይ ነው። ከዚያ የሚነሳው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀ ሲሆን ርዝመቱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት መስመር አለው። 90 ላይ ደርሰው ቁልፉን ሲጫኑ እግርዎ ከነዳጅ መስጫው ይነሳል፤ ኮምፒውተሩ ፍጥነቱን እያነበበ ነዳጁን ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ሥራው ይኸው ነው። የተለመደው ክሩዝ ፍሬን አይዝም። ስለዚህ ወደ አዳማ ቁልቁለቱን ሲወርዱ መኪናው ካሰሩት ፍጥነት ቢያልፍ ብልሽት አይደለም፤ ፍሬን መያዝ የእርስዎ ፋንታ ነው።

የፈጠረው ራልፍ ቲተር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነበር። ጠበቃው እያወራ ሲነዳ መኪናው አንዴ ሲፈጥን አንዴ ሲዘገይ ሰላም ስለነሳው ነገሩን ማሰብ ጀመረ ይባላል። የፈጠራ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1950 አገኘ፤ ክራይስለር ደግሞ በ1958 ሞዴሎቹ ላይ ገጠመው። ማየት የማይችል ሰው የእግራችንን አለመርጋት ከሁላችን በፊት ማስተዋሉ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

አሁን ወደ ብልሽቱ። ክሩዝ እንቢ ሲል ብዙ ሰው የሚጠረጥረው ቁልፉን ነው፤ ቀጥሎ ኮምፒውተሩን። እኔ ግን መጀመሪያ ከመኪናው ኋላ ሄደው ይቁሙ እላለሁ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ፍሬን ሲረገጥ ክሩዙ በቅጽበት መልቀቅ አለበት። ስለዚህ ኮምፒውተሩ የፍሬኑን ወሬ ካላመነ ክሩዙን አይዝም። ወሬውን የምታቀብለው ከፍሬን ፔዳሉ ክንድ በላይ የተሰካች አውራ ጣት የምታህል ስዊች ናት፤ የፍሬን መብራቱን የምታበራውም እሷው ናት። በብዙ መኪኖች ውስጧ ሁለት መስመር አለ፤ አንደኛው ፔዳሉ ሲረገጥ ይገናኛል፣ ሁለተኛው በዚያው ቅጽበት ይቋረጣል። ኮምፒውተሩ የሁለቱን ቃል ያመሳክራል። ቃላቸው ከተለያየ ክሩዙ ይከለከላል።

እናም አንድ ሰው ከኋላ አቁመው ፍሬኑን ይርገጡ፤ ሰው ከሌለ ሲመሽ ወደ ግድግዳ ጠጋ ብለው በመስታወት ይመልከቱ። መብራቶቹ ጨርሶ ካልበሩ ፊውዙ ወይም ስዊቿ ናት። አውቶማቲክ መኪና ከሆነና ካምቢዮው ከ«ፒ» አልወጣም ካለ ጥርጣሬው ይጠናከራል፤ እሱንም የምትፈታው ይህችው ስዊች ናት። በአንዳንድ የቆዩ ሞዴሎች ላይ አምፖሎቹ መቃጠላቸው ብቻ ክሩዙን ያስቆመዋል፤ ሲስተሙ የኤሌክትሪክ መሬቱን (ግራውንዱን) የሚያገኘው በአምፖሎቹ ክር በኩል ነውና። ለውበት ሲባል አምፖሉ በኤልኢዲ ከተቀየረ በኋላ ክሩዝ የሚጠፋውም አንዳንዴ በዚህ የተነሳ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ እግር ፔዳሉን ሳይነካ መብራቱ በርቶ ሲቀር ነው። በፔዳሉ ክንድና በስዊቿ መሀል የልብስ ቁልፍ የምታህል የጎማ ወይም የፕላስቲክ ቁራጭ አለች። ዕድሜና ሙቀት ያደርቃታል፤ አንድ ቀን ትፈረፈራለች። ፍርፋሪው ከሾፌሩ እግር ስር ምንጣፍ ላይ ይገኛል፤ ብዙ ሰው ቆሻሻ መስሎት ይጠርገዋል። ቁራጯ ስትወድቅ የስዊቿ ጫፍ ቁራጯ ተሰክታበት በነበረው የፔዳሉ ክንድ ቀዳዳ ያልፋል፤ መብራቱም ቀን ከሌት ይበራል። ባትሪ ይደክማል፣ ክሩዝ ይጠፋል። የከፋው ግን ሌላ ነው። በፍጥነት መንገዱ ላይ ከኋላዎ በ100 የሚመጣው ሾፌር ፍሬን መያዝዎን በምን ይወቅ? መብራቱ ከቱሉ ዲምቱ ጀምሮ እንደበራ ነው።

አንድ ወዳጄ ይህ ሲደርስበት አንድ ጋራዥ ኮምፒውተር ቀይር አለው። የወደቀችው ግን ያቺ ቁራጭ ነበረች። እንዲህ ያለውን ሥራ ሳይ እናደዳለሁ። ከዚህም የባሰ አለ፤ ክሩዙ እንዲይዝ ብቻ የስዊቿን ገመዶች ቆርጠው በቀጥታ የሚያገናኙ አሉ። ይህ ጥገና አይደለም፤ ፍሬን ሲረገጥ ክሩዙ እንዳይለቅ ማድረግ ነው። እባካችሁ ተዉት! ስዊቿ መለዋወጫ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ትገኛለች። ስትገጠም ፔዳሉ ሲለቀቅ መብራቱ መጥፋቱን፣ ጥቂት ሲነካ ደግሞ ቦግ ማለቱን ዓይቶ ማስተካከል ነው።

መብራቱ ደህና ከሆነ ሌላው በአጭሩ ይኸውና። ከክሩዙ ጋር ክላክሱ ከጠፋና የኤርባግ መብራት ከበራ፣ ከመሪው ስር የሚጠቀለለው ገመድ ተበጥሷል። የኤቢኤስ ወይም የሞተር ማስጠንቀቂያ ከበራ መጀመሪያ እሱ ይፈታ፤ ብዙ መኪኖች እስኪጠፋ ድረስ ክሩዝ ይከለክላሉ። የማኑዋል መኪና ከሆነ ፍሪሲዮኑም የራሱ ስዊች አለው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ብዙዎቹ ከፊት ያለውን መኪና በራዳርና በካሜራ እያዩ ርቀት የሚጠብቅ ክሩዝ አላቸው። ክረምት ላይ የእነዚህ ክሩዝ እንቢ ካለ፣ ጋራዥ ከመሄድ በፊት ከፊት መከላከያውና ከመስታወቱ ላይ ጭቃው ይጠረግ።